ጋዎን እስክትለብሱ፦ የጎንደር ተማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ

ጎንደር፣ ማራኪ የሚባለው ሰፈር ቤት ተከራይቼ እኖራለሁ። ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከተመረቅሁ ጥቂት ዓመት ሆኖኛል፤ ተማሪ ግን ከደጄ አይጠፋም። የአክስት ልጅ፣ የጎረቤት ልጅ፣ የማላውቀው ሰው የወንድም ልጅ፣ ሁሉም «እሱን ጠይቀው» እየተባለ ይላክብኛል። ቡና ይፈላል፣ ጥያቄ ይጀመራል። ጥያቄው ደግሞ ያው ነው። አንድ ጊዜ ጽፌው ልረፍ ብዬ ነው።

ቀድሜ ልናዘዝ፦ ሰቃይ ተማሪ አልነበርኩም። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ዋርኒንግ (የውጤት ማስጠንቀቂያ) በልቻለሁ። ስለዚህ ይኼ የባለ አራት ነጥብ ምክር አይደለም፤ ለጥቂት የተረፈ ሰው ምክር ነው። ያኔም ከዚያ በኋላም ያየሁት አንድ ነገር ነው። ከግቢ ተባሮ ፍራሹን ጠቅልሎ የሚሄደው አብዛኛው ተማሪ ጭንቅላት አንሶት አይደለም። ተደብቆ ነው። ከመምህሩ ይደበቃል፣ ከሬጅስትራር ይደበቃል፣ ከቤተሰቡ ይደበቃል። ከራሱ ግሬድ ሳይቀር ይደበቃል።

ሃይስኩል አንደኛ እወጣ ነበር። እዚህ ስመጣ ምን ነካኝ?

ምንም አልነካህም። አጠገብህ የተቀመጠውም ልጅ ከትምህርት ቤቱ አንደኛ ነበር።

ሃይስኩል እያለህ የሚከታተልህ ሰው ብዙ ነበር። መምህሩ ደብተር ያያል፣ አባትህ ካርድ ይፈርማል፣ እናትህ መብራት አጥፋና ተኛ ትላለች። እዚህ ግን ብትገባም ባትገባም የሚጠይቅህ የለም፤ አቴንዳንስ ላይ ካልሆነ። ያ ነጻነት መስከረም ላይ ያስደስታል፣ ጥር ላይ ያስለቅሳል።

ሌላው፣ ሒሳቡን ቁጭ አድርጎ ያስረዳህ የለም። ኮርሱ አጠገብ የተጻፈው ኢሲቲኤስ፣ ማለትም ኮርሱ የሚጠይቀውን የሥራ መጠን የሚለካው ቁጥር፣ ጌጥ አይደለም። አንድ ኢሲቲኤስ ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ተብሎ ነው የሚታሰበው። በ27 እናስላው። አምስት ኢሲቲኤስ ያለው ኮርስ 135 ሰዓት ይፈልጋል። ሴሚስተሩ 16 ሳምንት ከሆነ በሳምንት ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ክላስ የምትገባው ሦስት ሰዓት ነው እንበል። አምስት ሰዓት ተኩሉ የት ገባ? ለአንድ ኮርስ ብቻ ነው ይኼ። ስድስት ኮርስ ካለህ ተማሪነት የሙሉ ቀን ሥራ ነው፤ ደመወዝ የሌለው የሙሉ ቀን ሥራ።

ማጥናት መቼ ልጀምር?

ክላስ የተጀመረ ሳምንት። «ገና ነው» የሚልህን ሲኒየር ግሬዱን ጠይቀው።

አነባለሁ፤ ፈተና ላይ ግን ይጠፋብኛል።

ይኼን ጥያቄ እወደዋለሁ። መልሱ ጎንደር ውስጥ በእግር ይደረስበታል።

አርባ አራቱ ታቦት ከሚባሉት ከአንዱ ደጅ አመሻሽ ላይ ቆም በልና የአብነት ተማሪዎችን ስማ። የቃል ትምህርት የሚማረው ልጅ ትምህርቱን ከመምህሩ አፍ ይቀበላል። መጽሐፍ አይዝም። ከዚያ ይቀጽላል። መጀመሪያ ብቻውን፣ ቀጥሎ ከጓደኛው ጋር፣ አንዱ ሲስት ሌላው እያረመው። በማግስቱ መምህሩ ፊት ቆሞ በቃሉ ያወጣዋል። ካላወጣው አዲስ አይጨመርለትም። ጎንደር በአታ ቤተ ክርስቲያን ለአቋቋም (የቤተ ክርስቲያን ዜማና ዝማሜ ትምህርት) ምስክር የሚመጣ ሰው እንዲህ እያለ ዓመታት ያሳለፈ ነው። ዜማውን ቀለም እየቀባ አልያዘውም።

የእኛ ጥናት ግን ምንድን ነው? ሃንድአውቱን በቢጫ ማርከር መቀባት። ሦስተኛ ጊዜ ስታነበው ዓይንህ ለምዶታል። የለመድከውን ያወቅኸው ይመስልሃል። ፈተና ላይ ሃንድአውቱ የለም፣ ቢጫውም የለም።

የውጭ ተመራማሪዎችም የደረሱበት ያው ነው። ሮዲገር እና ካርፒክ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ሥራ አለ። አንዳንዶቹ ተማሪዎች ጽሑፉን ደጋግመው እንዲያነቡ ተደረገ። ሌሎቹ አንብበው፣ ወረቀቱን አስቀምጠው፣ የቀረላቸውን ከጭንቅላታቸው እንዲጽፉ ተደረገ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ሲፈተኑ ግን ከቃላቸው የጻፉት በለጡ። አየህ፣ ለነገ ጠዋት ኩዊዝ ሽምደዳ ይሠራል። ሰው ሽምደዳን የማይተወውም ለዚህ ነው። ለፋይናል ግን አይሆንም።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነበር። አንድ ርዕስ አነባለሁ። እዘጋዋለሁ። ባዶ ወረቀት ላይ ያስታወስኩትን ሁሉ እሞነጫጭራለሁ፤ ለማንም ስለማይታይ ጽሕፈቱ አያስጨንቅም። ከዚያ እከፍትና የሳትኩትን በቀይ አርማለሁ። መጀመሪያ ላይ ወረቀቱ ቀይ በቀይ ይሆናል። ያሳፍራል። በሦስተኛው ቀን ስደግመው ቀዩ በግማሽ ይቀንሳል። በሳምንቱ አንድ ሁለት መስመር ብቻ ይቀራል። ፈተና ሲመጣ የማነበው ቀዮቹን ነበር።

ጓደኛ ካለህ ደግሞ እንደ አብነት ተማሪዎቹ ተጠያየቁ። አንዱ ሃንድአውት ይያዝ፣ ሌላው ያስረዳ። ማስረዳት ያቃተህን ነገር አላወቅኸውም።

ስልኬን ምን ላድርገው?

ሽጠው ብልህ አትሰማኝም። ደግሞም አይቻልም፤ የክላሱ የቴሌግራም ግሩፕ እሱ ላይ ነው፣ ሃንድአውቱ እሱ ላይ ነው፣ «ክላስ ተሰርዟል» የሚለው እሱ ላይ ነው። ክፋቱም ይኼ ነው። ፒዲኤፍ ልትከፍት ገብተህ ቲክቶክ ላይ ትገኛለህ።

ጥናት ስትገባ ስልክህን ለዶርም ልጅ ስጥና ሂድ። ኪስ ውስጥ ሳይለንት ማድረግ አይበቃም። የሚያስፈልግህን ሃንድአውት ደግሞ ቀድመህ አውርደህ አስቀምጥ ወይም አሳትም፤ ኔትወርክ የጠፋ ጊዜ «ቴሌግራም አልከፈት ብሎኝ ነው» ብሎ መምህር ፊት መቆም አያዋጣም። የሌሊት ፓኬጅ ርካሽ ስለሆነ ብቻ አትግዛ። እንቅልፍህን ሸጠህበት ርካሽ ነው አይባልም።

ረጅም መቀመጥ ካቃተህ ፖሞዶሮ የሚሉትን ሞክር። 25 ደቂቃ ሥራ፣ 5 ደቂቃ እረፍት። ፍራንቼስኮ ቺሪሎ የሚባል ጣሊያናዊ ተማሪ እያለ የቲማቲም ቅርጽ ባለው የወጥ ቤት ሰዓት የጀመረው ነው፤ ፖሞዶሮ በእነሱ ቋንቋ ቲማቲም ነው። ከጣሊያን ፒያሳ ቀርቶልናል፣ ቲማቲሙም ቢጨመር ምን ይጎዳል?

ዶርም ውስጥ ማጥናት አልቻልኩም።

ዶርም ለማጥናት አልተሠራም። አንዱ ሙዚቃ ይከፍታል፣ አንዱ በስልክ ይጣላል፣ አንዱ ልብስ ያሰጣል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደግሞ ከኮሪደሩ ጫፍ «ውሃ መጣ!» የሚል ድምፅ ይሰማል። ጎንደር የኖረ ያውቀዋል። ብርድ ልብስ ተጥሎ፣ ጀሪካን ተይዞ፣ በነጠላ ጫማ ሩጫ ነው። የጀሪካኑ ኳኳታ ሙት ይቀሰቅሳል። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የሚወስደው ዕድለኛ ነው።

እንግዲህ ላይብረሪ ነው ያለው። ወይም ማታ ማታ ባዶ የሚሆኑ የመማሪያ ክፍሎች። አንድ ቦታ ምረጥና ሁልጊዜ እዚያው ተቀመጥ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ማታ ብርዱ ያንዘፈዝፋል። ጋቢ ደርበህ ሂድ። ማንም አይስቅብህም፤ የሚስቅብህ ከአንድ ሰዓት በኋላ ብርዱ አባርሮት ዶርሙ ይገባል።

ዋርኒንግ መጣብኝ። አበቃልኝ ማለት ነው?

አላበቃም። ዝም ካልክ ግን ያበቃል።

የእኔን ልንገርህ። የመጀመሪያው ሴሚስተር ግሬድ ወጣ ሲባል ሁሉም ሊያይ ሮጠ። እኔ ብርድ ልብሴን ተከናንቤ ተኛሁ። አንድ ኮርስ እንደተበላሸብኝ አውቅ ነበር። ካላየሁት ያልወጣ መሰለኝ። ሦስት ቀን ሳላይ ቆየሁ። በአራተኛው ቀን ጓደኛዬ በሩን በርግዶ ገባና «አንተ! ኤፍኤክስ እኮ ነበረህ። ድጋሚ ፈተናው ትናንት አለፈ» አለኝ። ትናንት! ኤፍኤክስ ድጋሚ ተፈትነህ የምታሻሽለው ግሬድ ነው፤ ስላልተፈተንኩ ኤፍ ሆነ። ኮርሱን ከሚቀጥለው ባች ጋር ተቀምጬ ደገምኩት። ማንንም አልከስም። ማስታወቂያው ተለጥፎ ነበር፤ የተደበቅሁት እኔ ነኝ።

እናቴ በየእሑዱ ትደውላለች። «ትምህርቱ እንዴት ነው ልጄ?» «ደህና ነው እማ።» ሁለት ወር ሙሉ ደህና ነው አልኳት። ስልኩን በዘጋሁ ቁጥር ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት እንኳ ማጥናት አልችልም ነበር፤ ውሸቱ ራሱ ጉልበት ይበላል። በመጨረሻ ለአባቴ ነገርኩት። ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «አባ?» አልኩ። «ታዲያ አሁን ምን ይደረግ?» አለ። ይኼው ነው። ለሁለት ወር የፈራሁት ነገር አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር።

አሁን ሒሳቡን እይ። ለመመረቅ ድምር ውጤትህ ቢያንስ 2.00 መሆን አለበት። አንደኛ ሴሚስተር ላይ 30 ኢሲቲኤስ ወስደህ 1.80 አመጣህ እንበል። ሁለተኛው ላይ በ30 ኢሲቲኤስ 2.20 ብታመጣ 2.00 ገባህ። ይኼ የሚቻል ነገር ነው። ሲ ካለህበት ሁለት ሦስት ኮርስ ወደ ቢ ከፍ ማድረግ እንደ ማለት ነው። አሁን ደግሞ ተደብቀህ ተደብቀህ ሦስት ዓመት ሞላህ፤ 180 ኢሲቲኤስ ላይ 1.90 ነህ። በአንድ ሴሚስተር ወደ 2.00 ለመመለስ 2.60 ያስፈልግሃል። ጉድለቱ በግማሽ ያነሰ ይመስላል፣ ዳገቱ ግን የባሰ ነው። ግሬድ እንደ ዕዳ ነው፤ ሲቆይ ይከብዳል።

ስለዚህ በዚሁ ሳምንት ሦስት ቦታ ሂድ። አድቫይዘርህ ጋ። የወደቅህበትን ኮርስ መምህር ጋ፤ ግሬድ ለመለመን ሳይሆን ወረቀትህን አይተህ የት እንደሳትህ ለማወቅ። ሬጅስትራር ጋ፤ ኮርሱ መቼ እንደሚሰጥ፣ ለሌላ ኮርስ ቅድመ ሁኔታ ይሁን አይሁን ለመጠየቅ። ዋርኒንግና ዲስሚሳል (መባረር) ስንት ላይ እንደሚመጣ የሴኔት ደንቡ ላይ ተጽፏል። ከሲኒየር አፍ አትስማው። እያንዳንዱ ሲኒየር የራሱ ደንብ አለው።

የማልፈልገው ዲፓርትመንት ደረሰኝ።

ጎንደር ሲባል ለሰው ሁሉ የሚመስለው ሕክምና ነው። አይፈረድበትም። ዩኒቨርሲቲው በ1947 ዓ.ም. ሲጀመር የጤና ባለሙያ ማሠልጠኛ ነበር፤ ጤና መኮንን፣ ነርስ፣ ሳኒታሪያን እያወጣ ወደ ገጠር ይልክ ነበር። ስለዚህ እናት ልጇን ጎንደር ደረሰው ሲባል ጋዎኑን ነጭ አድርጋ ነው የምታየው። ልጁ ደግሞ ምደባው ሲወጣ ታሪክ ወይም ስታቲስቲክስ ይደርሰዋል። ከዚያ አንድ ዓመት ያለቅሳል። ያቺ ያለቀሰባት ዓመት ናት ግሬዱን የምትበላው።

ማመልከት የሚቻል ከሆነ በጊዜው አመልክት። መስፈርቱን ጠይቅ፣ ቅጹን ሙላ፣ መልሱን ጠብቅ። እንቢ ከተባልክ ግን «እስኪቀየርልኝ» እያልክ አትቀመጥ። አንድ ሴሚስተር ከልብህ ተማረው። ከማውቃቸው አንዷ ስታቲስቲክስ ደርሷት ነበር፤ ፋርማሲ ነበር ምኞቷ። ሦስተኛ ዓመት ላይ የጤና ተማሪዎች ለሪሰርቻቸው የሰበሰቡትን ዳታ ይዘው በሯ ላይ ይሰለፉ ጀመር። ኤስፒኤስኤስ የሚባለውን የዳታ መተንተኛ ሶፍትዌር የምትችለው እሷ ናት። የኪስ ገንዘቧን ከዚያ ታገኝ ነበር። ፋርማሲውን ረሳችው አልልም፤ ስታወራ አሁንም ታነሳዋለች። ግን ተመርቃለች።

እንዳላንቀላፋ ጫት ብቅም ምን አለበት? ሁሉም ይቅማል።

ሁሉም አይቅምም። የሚቅሙት አንድ ላይ ስለሚቀመጡ ብዙ ይመስላሉ።

ስብከት አልሰብክም፤ ያየሁትን ልንገርህ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ነገር ያነቃቃል፣ እውነት ነው። ያን ቀን ሰባት ሰዓት ትቀመጣለህ። ችግሩ ማታ ነው። እንቅልፍ እንቢ ይልሃል። ሰው ያጠናውን አንጎሉ የሚያደላድለው ሲተኛ ነው፤ ሳትተኛ የጠዋቱን ፈተና ትገባለህ፣ ያነበብከው ተደባልቆ ይጠብቅሃል። በማግስቱ ሰውነትህ ይዝላል፣ ምግብ አያሰኝህም፣ እንደገና ለመነቃቃት እንደገና ትገዛለህ። ገንዘቡን ደግሞ አስላው። የሳምንቱን ደምረህ በአራት አባዛ፤ የወሩን ካየህ በኋላ ስለ ላፕቶፕ ውድነት አታማርርም።

ግቢ ውስጥ አንድ ቀልድ ነበረን፦ ምርቃና የለመደ ምረቃ ይረዝምበታል። ቀልዱን የፈጠረው ልጅ አምስት ዓመት ፈጅቶበታል። የአራት ዓመት ፕሮግራም ነበር።

ጥምቀት ከፈተና ጋር ተጋጨብኝ። ጨዋታም አለ።

ጎንደር ተምረህ ጥምቀትን ሳታይ ብትሄድ ያሳዝነኛል። ጥር 10 ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱ፣ ጥር 11 ጠዋት ወጣቱ ውሃው ውስጥ ሲዘል፣ የዓለም ሕዝብ አውሮፕላን ተሳፍሮ የሚመጣለት ነገር እኮ ነው። አንተ በባጃጅ ትደርሳለህ።

ፈተናው ግን ብዙ ጊዜ በዚያው ሰሞን ይሆናል። ስለዚህ ዝግጅትህን ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ እንደጨረስክ አድርገህ አቅድ። ጥር 10 እና 11ን ያለ ጥፋተኝነት ስጣቸው። የሚያጠፋው እነዚህ ሁለት ቀናት አይደሉም። ቤተሰብ መጣ፣ ጓደኛ መጣ፣ ሚካኤልንም እንሸኝ እየተባለ ሳምንት የሚሆነው ነው። ከሩቅ የመጣ ጓደኛ «ዶርምህ ልደር» ካለህ ደግሞ በፍቅር እንቢ በለው።

ፋሲል ከነማን በተመለከተ፣ እኔም ደጋፊ ነኝ። በ2013 ዓ.ም. ሊጉን ሲያነሳ ከተማው እንዴት እንደነበረ ያየ ያውቀዋል። ዘጠና ደቂቃውን እይ። ተው የምልህ ከጨዋታው በፊትና በኋላ ያለውን የአምስት ሰዓት ክርክር ነው።

እንግሊዝኛው ይከብደኛል። ጥያቄ መጠየቅም አፍራለሁ።

አንቺ ብቻ አይደለሽም። ክላስ ውስጥ ራሳቸውን ከሚነቀንቁት ግማሾቹ አልገባቸውም።

የሚሠራው ነገር ይኼ ነው። ሌክቸሩ እንዳለቀ በዚያው ቀን ሐሳቡን በአማርኛ በአራት በአምስት መስመር ጻፊው። ለታናሽ እህትሽ እንደምታስረጂ። ከዚያ ያንኑ በእንግሊዝኛ ጻፊው፤ የሃንድአውቱን ቃላት እየወሰድሽ። መጀመሪያ መግባት አለበት፣ ቋንቋው ይከተላል። ያልገባሽን በእንግሊዝኛ ብትሸመድጂው ጥያቄው ትንሽ ሲዞር ትጠፊያለሽ።

ለመጠየቅ ካፈርሽ ከክላስ በኋላ መምህሩን በር ላይ ያዢ። «መምህር፣ ይቺ አልገባችኝም» ማለት ዘጠኝ ሰከንድ ነው። ቢሮ ሰዓቱን ጠይቀሽ ብትሄጂ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ። ቁጡ መምህር የለም አልልም። ግን ደጋግሞ የመጣ ተማሪ ስም አይረሳም።

አጤሬራስ?

ስታዘጋጀው የፈጀብህን ሰዓት ብታጠናበት ይበቃህ ነበር። ከተያዝክ ደግሞ አንድ ኮርስ ብቻ አይደለም የምታጣው፤ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ትቆማለህ።

ፍቅር ያዘኝ።

እንኳን ደስ አለህ። አብራችሁ ላይብረሪ ግቡ። አንዳችሁ ሌላውን ከክላስ የምታስቀሩ ከሆነ ግን ነገሩ ፍቅር ሳይሆን ፎርፌ ነው።

ከቤት የሚላክልኝ አይበቃም።

ነን ካፌ ልሁን የሚለኝ ብዙ ነው። የካፌው ሽሮ ሰልችቶት፣ ገንዘቡን በእጁ ቢያገኝ የሚሻለው ይመስለዋል። ሁለት ሳምንት ይሻለዋል። ከዚያ ገንዘቡ ያልቅና ሦስተኛው ሳምንት ላይ የካፌ ጓደኛውን ዳቦ አውጣልኝ ይላል። ማብሰያ ቦታና አብሮህ የሚያዋጣ ሰው ከሌለህ ካፌ ቆይ።

ገንዘብ ለማግኘት የሚሻለው ማስጠናት ነው። ከተማ ውስጥ ልጁ ሒሳብና እንግሊዝኛ እንዲጠናለት የሚፈልግ ወላጅ ሞልቷል። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት። ከዚያ አታሳልፍ። ሌሊት የሚያሠራ ሥራ ከያዝክ ጠዋት ክላስ ውስጥ የምትገኘው በአካል ብቻ ነው። የወጪ መጋራት ውሉንም ስትፈርም አንብበው፤ ዕዳ ነው፣ ተመርቀህ ትከፍለዋለህ። አንድ ዓመት በደገምክ ቁጥር ይጨምራል።

ታምሜያለሁ፤ ቤትም ችግር አለ፤ መንገዱም አስጊ ነው። ትቼ ልሂድ?

መሄድ ካለብህ ሂድ። ግን ሳትነግር አትሂድ።

በዚህ ጉዳይ ብዙ ሰው ተጎድቶ አይቻለሁ። ልጁ አባቱ ይታመምበታል፣ ሻንጣውን ይዞ በማለዳ መናኸሪያ ይወርዳል። አያሳውቅም። በቀጣዩ ዓመት ሲመለስ ያልተፈተነባቸው ኮርሶች ሁሉ ተበላሽተው ይጠብቁታል። በር የሚከፍትለት ያጣል። የዊዝድሮዋል (ትምህርት የማቋረጫ) ቅጹን ሞልቶ፣ ክሊራንስ (ዕዳ የለበትም የሚል ማረጋገጫ) ጨርሶ፣ ደረሰኙንና ቅጂውን ይዞ ቢሄድ ኖሮ ዳግም ቅበላ ጠይቆ ካቆመበት ይቀጥል ነበር። ቅጹን መሙላት ግማሽ ቀን ነው። ካልቻልክ ጓደኛህን ወክል፤ ቢያንስ ለዲፓርትመንት ኃላፊው ደውል። የሐኪም ወረቀት ካለህ ዋናውን አትስጥ፣ ኮፒውን ስጥ።

ጭንቀቱ የአእምሮ ከሆነም ያው ሕመም ነው። እንቅልፍ ከጠፋ፣ ምግብ ከተዘጋ፣ ከሰው መሸሽ ከመጣ፣ «ይለፍልኛል» እያልክ ብቻህን አትቀመጥ። የግቢው ክሊኒክ ሂድ፣ የምክር አገልግሎቱን ጠይቅ። ጠበልም ብትሄድ አልከለክልህም፤ ክሊኒኩን ግን አትዝለል።

የመውጫ ፈተናው እንዴት ነው? ጂሲ (ተመራቂ) ሆኛለሁ።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በመጀመሪያ ዲግሪ የሚመረቅ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይቀመጣል። የመንግሥትም የግልም ተማሪ። ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። ከዚህ በታች ካመጣህ ግሬድህ 3.80 ቢሆንም ዲግሪው አይሰጥህም፤ ድጋሚ ትፈተናለህ።

ፈተናው የአንድ ዓመት አይደለም። ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ የወሰድካቸውን ዋና ዋና ኮርሶች ያነሳል። ስለዚህ አንደኛ ደረጃ ምክሬ ለጂሲዎች ሳይሆን ለሁለተኛ ዓመቶች ነው፦ ሃንድአውታችሁን አትጣሉ። ሴሚስተር ሲያልቅ ወረቀቱን ሰብስቦ እንጀራ ለምትጋግር ጎረቤት ለማገዶ የሰጠ ልጅ አውቃለሁ። አራተኛ ዓመት ላይ ከእኔ ሊዋስ መጣ። ለዲፓርትመንታችሁ የወጣውን ብሉፕሪንት (የፈተናውን ይዘት የሚያሳየውን ሰነድ) ፈልጉና የትኛው ኮርስ ምን ያህል ድርሻ እንዳለው እዩ። ድርሻው የበዛውን አስቀድሙ። በኮምፒውተር ስለሆነ የሙከራ ፈተናውን አትቅሩ።

የጂሲ ዓመት ትልቁ ጠላት ደግሞ ጂሲነት ራሱ ነው። ኮሚቴ ይቋቋማል። የቲሸርት ይዋጣል፣ የመጽሔት ይዋጣል፣ ከለር ደይ፣ ክሬዚ ደይ፣ ፎቶ ፋሲል ግቢ፣ ፎቶ ጎሃ፣ ደግሞ ሌላ ፎቶ። ሪሰርቹ ግን ምዕራፍ ሁለት ላይ ቆሟል። አድቫይዘርህ እስኪጠራህ አትጠብቅ፤ አይጠራህም። በየሁለት ሳምንቱ ሁለት ገጽም ቢሆን ይዘህ ሂድ። የድሮ ሪሰርች ስም ቀይሮ ማቅረብ የሚባለውንም አውቃለሁ። አድቫይዘሩም ያውቃል፤ አንዳንዴ ያንን የድሮውን ያማከረው እሱ ነው።

በቃ ጨረስኩ። ክሊራንስ ስንት ቀን ይፈጃል?

ከላይብረሪ የተዋስከው መጽሐፍ ካልጠፋ አንድ ሁለት ቀን። ከጠፋ፣ ፍለጋው ፒያሳ ያሉትን መጽሐፍ ሻጮች እስክታዳርስ ነው።

ፊርማው ብዙ ነው፤ ላይብረሪ፣ ዶርም፣ ስፖርት ክፍል፣ ካፌ፣ ዲፓርትመንት። አርብ ከሰዓት አትጀምር። ቴምፖራሪውን (ጊዜያዊ ዲግሪውን) ስትቀበል እዚያው መስኮቱ ሥር ቆመህ ስምህን ፊደል በፊደል አንብብ፤ በአማርኛም በእንግሊዝኛም፣ ከአያት ስም ጋር፣ ከሃይስኩል ወረቀትህ ጋር አንድ መሆኑን። የእኔ አንድ ፊደል ስቶ ነበር፤ ፎርሙን ስሞላ የሳትኩት ራሴ ነኝ። ለማስተካከል ያኔ ከነበርኩበት ሌላ ከተማ ሁለት ጊዜ ተመላልሻለሁ።

የዶርሙን ቁልፍ ደግሞ አሁኑኑ ፈልገው። የጠፋው እሱ ነው ሁልጊዜ።